ለቤተሰብ የሚሆን ጤነኛ ትንሽ ቡችላ አመራረጥ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በሳይንት፣ በለጋምቦና በመቅደላ ደጋማ ቀበሌዎች ውሻ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። ሌሊት ጅብ በበረቱ ዙሪያ ሲያንዣብብ የሚጮኸው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያስታውቀው፣ ልጆች በግ ሲያግዱ አብሮ የሚውለው እሱ ነው። ይሁን እንጂ በሬ ሲገዛ ጥርስ የሚቆጥር፣ ጊደር ሲመርጥ የእናቲቱን የወተት መጠን የሚጠይቅ ገበሬ፣ ውሻውን ግን የሚያገኘው ከጎረቤት በስጦታ ወይም ከመንገድ ዳር በማንሣት ነው። ምርጫ ተደረገ ቢባል እንኳ ብዙ ጊዜ የጠጉር ቀለም ምርጫ ነው።

በከተሞችና በገበያ መንገድ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ትንሽ ዝርያ ውሻ ሲፈልጉ ይታያል። ፍላጎቱ አዲስ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ እንደነበራቸውና ሲሞትም በቤተ መንግሥቱ ግቢ እንደተቀበረ ይታወቃል። ትንሽ ውሻ መያዝ ግን የቤተ መንግሥት ቅምጥልነት ብቻ አይደለም፤ ለገበሬም ቤት የሚሰጠው ጥቅም አለ። 7 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የሚበላው 18 ኪሎ የሚመዝነው ውሻ ከሚበላው ግማሽ ያህሉን ነው። ሲጮኽ ግን ከትልቁ አያንስም። ጅብ መመከት አይችልም፤ ጅብ መጣ ብሎ ባለቤቱን መቀስቀስ ግን ይችላል። የግልገል ማደሪያው በደንብ የታጠረ ከሆነ ከውሻ የሚፈለገው አብዛኛው ሥራ ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኛው በተለይ እንዲጨብጠው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በአካባቢያችን ትንሽ ዝርያ ነው ተብሎ የሚሰጥ ቡችላ ብዙ ጊዜ ትንሽ ዝርያ ሳይሆን የቀነጨረ ነው። ያሳነሰው ረኀብ፣ ወስፋትና ከእናቱ ያለ ጊዜው መለየት ነው። እንዲህ ያለው ቡችላ ወይ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል፣ ወይ አድጎ ትልቅ ውሻ ይሆናል፣ አለዚያም በሆዱ የያዘውን ትል ለቤቱ ልጆች ያስተላልፋል።

ትንሽነትንና መቀንጨርን መለየት

ትንሽ ውሻ የሚወለደው ከትንሽ እናት ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው ጥያቄ «ቡችላው ምን ያህል ነው?» ሳይሆን «እናቱን አሳዩኝ» የሚል መሆን ይገባዋል። አባቱም ከታወቀ ይታይ። እናቲቱ ትልቅ የአገር ውሻ ሆና ከስድስቱ ልጆች አንዱ የሌሎቹን ግማሽ የሚያህል ከሆነ፣ እሱ ጡት ተሻምተውበት የቀረ እንጂ ትንሽ ዝርያ አይደለም። የማሳዘኑን ያህል ሰው ቶሎ የሚወድደውም እሱን ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን እንዲህ ያለውን ቡችላ መጀመሪያ አይምረጥ።

ሚዛን ይረዳል። ማኅበሩ እህል የሚመዝንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ካለ ቡችላውን በቅርጫት አድርጎ መመዘን ይቻላል። በ2 ወር ዕድሜው 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጤነኛ ቡችላ ሲያድግ 8 ኪሎ አካባቢ ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል፤ 4 ኪሎ የሚመዝነው ግን ትንሽ ውሻ አይሆንም። ይህ ግምት የሚሠራው ቡችላው በደንብ የበላና ዕድሜው በትክክል የታወቀ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህም ለገበሬ አስቸጋሪ አይደለም፣ እንደ በሬው በጥርስ ይታወቃልና።

ቡችላ ሲወለድ ጥርስ የለውም። ዓይኑም የሚከፈተው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የወተት ጥርስ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ብቅ ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ የፊት ጥርሶችና ክራንቻዎች፣ በኋላም የጎን ጥርሶች ይወጣሉ። በ8ኛው ሳምንት 28ቱም የወተት ጥርሶች ተሟልተው ይገኛሉ። ቡችላው 2 ወር ሞላው እየተባለ የጎን ጥርሶቹ ገና ካልወጡ፣ ምናልባት የ5 ሳምንት ልጅ ነው፤ ለእናቱ ይመለስ። 28ቱ ጥርሶች ተሟልተው ሰውነቱ ትንሽ ከሆነ ግን ዕድሜው እውነት ነው ማለት ነው። ያኔ ወደ እናቱና ወደ ሆዱ መመልከት ይገባል። እናቱ ትንሽ ከሆነች፣ የራሱም ጎን ሲዳሰስ አጥንቱ በስስ ሥጋ ተሸፍኖ ከተገኘ ትንሽ ዝርያ ነው። እናቱ ትልቅ ሆና የሱ የጎን አጥንት ከሩቅ የሚቆጠር፣ ሆዱ ግን እንደ ከበሮ የተነፋ ከሆነ የቀነጨረ ነው።

ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ የወተት ጥርሶች በቋሚዎቹ መተካት ይጀምራሉ፤ በ7ኛው ወር ቋሚዎቹ 42 ጥርሶች ይሟላሉ። በትንንሽ ውሾች አንዳንድ ጊዜ የወተት ክራንቻው ሳይወልቅ አዲሱ ከጎኑ ይበቅላል። በ7ኛው ወር ድርብ ክራንቻ ከታየ የእንስሳት ሐኪም ይንቀለው።

ከእናቱ መቼ ይለያል?

ከ8 ሳምንት በፊት መለየት የለበትም። እህል መቅመስ ቢጀምርም፣ እናቱና ወንድሞቹ የሚያስተምሩት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሲጫወት ነክሶ መልቀቅን ነው። በአራት ሳምንት የተለየ ቡችላ ሲያድግ የልጆችን እጅ አጥብቆ የሚነክስ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላው ሰውን የሚለምድበት ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ያልዳሰሰው፣ ከክምር ሥር ተደብቆ ያደገ ቡችላ ዕድሜ ልኩን ፈሪ ይሆናል። ልጆችን የሚነክሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደፋሩ ሳይሆን ፈሪው ውሻ ነው።

ስለዚህ ቡችላውን ከመውሰድ በፊት ሁለት ጊዜ መጎብኘት ይበጃል፤ አንዱ ሲመገቡ፣ ሌላው ያለ ቀጠሮ። እናቲቱ እንዴት እንደምትቀበል ልብ ይሏል። ልጆቿን ለመጠበቅ ብትጮኽ ነውር የለውም፤ ባለቤቷ ይዟት እንኳ የማትረጋጋ ከሆነ ግን ጠባዩዋ ወደ ልጆቿ ሊሄድ እንደሚችል መገመት ነው።

ቡችላውን መመርመር

ምርመራው ከተኛበት ሳይሆን ነቅቶ ሲጫወት ይጀመር። ከጀርባው እጅ ቢያጨበጭቡ ይዞራል፤ የማይዞረው ደንቆሮ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ መሬት ላይ ቢወድቅ ደንገጥ ብሎ ወዲያው ለማሽተት የሚመጣው ለቤተሰብ የሚሆነው ነው። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውም፣ ወንድሞቹን ሁሉ እየነከሰ ምግብ የሚከለክለውም ከልጆች ጋር ለማደር አይመረጡም።

ከዚያ ይዘው ከራስ እስከ ጅራት ይመርምሩት። ዓይኑ ንጹሕና የማያለቅስ፣ አፍንጫው የማይዝረበረብ መሆን ይገባዋል። ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ማየት ዋና ነገር ነው። የጤነኛ ድድ ሮዝ መልክ አለው፤ በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ከነጣበት በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ይመለሳል። ድዱ እንደ ወረቀት የነጣ ቡችላ ደሙ አልቋል። ብዙ ጊዜ ደሙን የሚመጥጡት መንጠቆ ትልና ቁንጫ ናቸው። የአናቱ መሐል ሲዳሰስ እንደ ሕፃን ርግብግቢት የለሰለሰ ከሆነ፣ በትንንሽ ዝርያዎች የሚታይ ጉድለት ነውና ልጆች ሊጥሉት በሚችሉበት ቤት አይመረጥም። እምብርቱ ላይ እብጠት ቢኖር ሐኪም ይየው። የኋላ እግሩን አንዴ እያነሣ የሚዘልል ከሆነ ጉልበቱ ይወልቃል ማለት ነው፤ ይህም የትንንሽ ውሾች የታወቀ ችግር ነው።

በዓይኑ ዙሪያና በክርኑ ጠጉሩ የረገፈ ቡችላ እከክ ይዞት ሊሆን ይችላል። ክብ እየሠራ የረገፈ ጭርት ነው፤ ጭርት ወደ ልጆች ይተላለፋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቁንጫና መዥገር ለመግደል ተብሎ ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ በቡችላ ላይ ይፈስሳል። ትንሽ ቡችላ ራሱን ስለሚልስ በአንድ ሌሊት ሊሞት ይችላል፤ የሚያቅፈው ልጅም ይመረዛል። ለበግና ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲንም ለውሻ በግምት አይሰጥም።

ጆሮውን መቁረጥ ኃይለኛ ያደርገዋል የሚባለው መሠረት የለውም። የተረፈው ቁስልና ሕመም ብቻ ነው።

በምንም ዋጋ የማይወሰዱ ቡችላዎች አሉ። የሚያስመልስና ደም የተቀላቀለበት፣ በጣም የሚሸት ተቅማጥ ያለው ፓርቮ የተባለው በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ ቫይረስ በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። በግቢው ቀደም ሲል በደም ተቅማጥ የሞተ ቡችላ ካለ፣ ያልተከተበ ሌላ ቡችላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዳይገባ መምከር ይገባል፤ ዕቃውና ወለሉም አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይታጠብ። ከዓይንና ከአፍንጫው መግል የሚወጣ፣ የሚያስል፣ ኋላም የሚንዘፈዘፍ ቡችላ ደግሞ ዲስቴምፐር ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ክትባት አለ፤ ሆኖም በየወረዳው ሁልጊዜ ስለማይገኝ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲኖር ክሊኒኮችን ማጠያየቅ ይገባል።

ከመንገድ የተነሣ፣ እናቱ ያልታወቀች ቡችላም በዚህ ክፍል ይመደባል። «ቡችላ አያብድም» የሚለው አነጋገር ፍጹም ስሕተት ነው። ቡችላም በእብድ ውሻ በሽታ ይያዛል፣ ያስተላልፋልም። በየመንገዱ የሚጣሉት ቡችላዎች ደግሞ በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ሰው ሁሉ ወንድ ይፈልጋልና። ሴቷን ማስኮላሸት ከተቻለ ለቤት ጥበቃ ከወንዱ አታንስም፤ ሲሆን ሲሆን ከግቢ ርቃ አትሄድም።

ወስፋት፣ ኮሶና አዙሪት

ቡችላ ወስፋት ይዞ ይወለዳል ቢባል ማጋነን አይደለም። ትሉ በእናቲቱ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ስታረግዝ በማኅፀን፣ ስታጠባ በወተት ወደ ልጆቿ ይሻገራል። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስለውም ቡችላ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 3 ወር፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወር። የዚህ ትል እንቁላል በአፈር ላይ ሰንብቶ በእጅ ወደ ሕፃን አፍ ይገባል፤ አንዳንዴም ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ቡችላው በሚጫወትበት ደጅ ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አንሥቶ መቅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይበልጥ የበግ አርቢውን የሚነካው ግን የውሻ ኮሶ ነው። በደጋችን በጎች አዙሪት ሲይዛቸው አንገታቸውን አጣምመው በአንድ ወገን ይዞራሉ፣ ከመንጋ ይለያሉ፣ በመጨረሻ ይሞታሉ። ባለቤቱም አርዶ ጭንቅላቱን ለውሻ ይጥላል። በሽታው የሚቀጥለው በዚህ መንገድ ነው። በበጉ ናላ ውስጥ ያለው ውሃ የያዘ ከረጢት የውሻ ኮሶ ልጅ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ኮሶ ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሹ ይበተናል፣ ሌላው በግ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ውሻው ራሱ ምንም ሕመም አይታይበትም።

በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢትም እንዲሁ ከውሻ የሚመጣ ነው። ይህኛው ግን ሰውንም ይይዛል። ውሻ የላሰውን እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ እንቁላሉን ይውጣል፤ ከረጢቱም በጉበቱ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ሲታወቅ ብዙ ጊዜ የቀዶ ጥገና ነገር ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። ጥሬ ጭንቅላት፣ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አለመስጠት፣ አለዚያም በደንብ ቀቅሎ መስጠት ይበቃል። በፋሲካ፣ በመስቀል፣ በአረፋ፣ ወይም ቅርጫ ሲታረድ ጉድጓዱ ከመታረዱ በፊት ይቆፈር፤ ከታረደ በኋላ የሚቆፈር ጉድጓድ ውሾች ከጨረሱ በኋላ የሚደርስ ነው። ለአደጉ ውሾች ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በኪሎ 5 ሚሊግራም ሒሳብ በየ3 ወሩ ይሰጣል። 8 ኪሎ ለሚመዝን ትንሽ ውሻ 40 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። ትንሽ ውሻ መያዝ በመድኃኒትም ወጪ እንደሚቀንስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የልማት ሠራተኛው ይህን ሲያስተምር የቤቱን ደንብ ያክብር። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ፣ አንዳንዴም ተጋብቶ የሚኖር ነው። በሁለቱም ዘንድ ውሻ ወደ አምልኮ ቦታ አይገባም፤ በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ውሻ የላሰው ዕቃ ተለይቶ ይታጠባል። ይህ ደንብ ከእኛ ምክር ጋር የሚስማማ ነው። ቡችላው የራሱ ሳሕንና የራሱ ማደሪያ በደጅ ይኑረው። ማደሪያው ከነፋስ የተከለለ፣ ከመሬት ከፍ ያለና ገለባ የተነጠፈበት መሆን አለበት፤ በተለይ ጠጉረ ስስ የሆነው የፈረንጅ ዝርያ የደጋውን ሌሊት አይችልም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አመጋገብ

ትንሽ ቡችላ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በቀን 4 ጊዜ ይመገባል፤ ከ3 ወር በኋላ 3 ጊዜ ይበቃዋል። የገብስ ገንፎ በአጓት ወይም በወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ክክ፣ የተቀቀለ ሥጋ ይስማማዋል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አይሰጠው፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰነጣጥቆ አንጀት ይበሳል። ትንሽ ቡችላ ከረኀብ ወይም ከብርድ የተነሣ በድንገት ሲዝልና ሲንቀጠቀጥ ቢታይ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዷል። ጥቂት ማር ድዱ ላይ ቀብቶ፣ አሙቆ፣ ሲነቃ መመገብ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ

ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞቱበታል፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 100 ሰዎች ውስጥ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ በውሻ መነከሱን፣ በተለይ በቤቱ ቡችላ መጫጫሩን፣ እንዳይቆጡት ብሎ ይደብቃል። ወላጆች ይህን ማወቅ አለባቸው፤ የነገራቸውን ልጅ አይቆጡ።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባቱ ያለበትን ሆስፒታል ጣቢያው ያመለክተዋል። በሽታው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ስለሚቆይ «ሳምንት አልፎኛል፣ ተርፌያለሁ» ማለት አይቻልም። ጸበል የሚጠመቀውን ወይም የባሕል ሐኪም የሚያየውን ሰው መከልከል የልማት ሠራተኛው ሥራ አይደለም፤ ክትባቱ ግን ከሁሉም ይቅደም። ነካሹ ውሻ ከታወቀ ተሎ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ሕክምናው ግን እነዚያን 10 ቀናት አይጠብቅም።

ቡችላው 3 ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን ክትባት ይወስዳል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይቀጥላል። እንግዲህ በ8 ሳምንት የተወሰደ ቡችላ አንድ ወር ያህል ያለ ክትባት ይቆያልና በዚያ ወር ከግቢ አይውጣ።

የማኅበሩ ድርሻ

አንድ ቤት ውሻውን ብቻውን ቢያስከትብ ጥቅሙ የተወሰነ ነው። በሽታው በአንድ አካባቢ እንዲቆም ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ው መከተብ አለባቸው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መጓጓዝ ያለበት ሲሆን፣ ለብዙ ውሻ የሚበቃው ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ ይገባዋል። ለአንድ ውሻ ተብሎ ብልቃጥ አይከፈትም። ማኅበሩ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የአባላቱን ውሾች ቆጥሮ፣ ከወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ጋር ቀን ቆርጦ፣ ሰው ከገበያ ነፃ በሚሆንበት ዕለት በአንድ ቦታ ያሰባስብ።

ይህ ለእኛ ደጋ ሌላም ትርጉም አለው። የደንቆሮ ጫካን በያዘው የቦረና ሳይንት ፓርክ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ፣ በጠቅላላው ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት እንስሳ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር ደረሰባቸው። የእኛዎቹ በቁጥር ከባሌዎቹ እጅግ ያነሱ ናቸው። በፓርኩ ዳር ያሉ ቀበሌዎች የክትባቱን ቀን ያስቀድሙ፤ ውሻም ከመንጋ ጋር ወደ ጓሳው አይለቀቅ።

የተከተበው ውሻ በአንገቱ ማኅበሩ የመረጠው ቀለም ያለው ማሰሪያ ይደረግለታል፤ በየዓመቱ ቀለሙ ይለወጥ። ለቡችላ የሚታሰረው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ አንገቱ ስለሚያድግ በየሁለት ሳምንቱ ይላላለት። በመዝገቡም ላይ የባለቤቱ ስም፣ የቡችላው ፆታና መልክ፣ የተወለደበት ወር፣ የትል መድኃኒት የወሰደባቸው ቀናትና የሚቀጥለው ክትባት የሚውልበት ቀን ይጻፍ።